ሐረጎ የተባሉት ሁለት ፋይሎች

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ይመር የሚባሉ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሰው ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ፈርቶ የወረደ ሰው አጭር ነው አይልም። ጋሽ ይመር እያንዳንዱን ኩርባ ዐይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል ይባልላቸው ነበር። ሚስታቸው ቀደም ብላ ሞታለች። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ኸድር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ረውዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ትንሹ ኑረዲን ደግሞ የአባቱ መኪና ረዳት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ቅጥቅጥ የሚሏት አውቶቡሳቸው ሰው ሞልታ ሐረጎን ስትወርድ ፍሬን በጠሰች። ጋሽ ይመር ወደ ተራራው ሊያስጠጓት ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። ትልቁ ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጣች። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የጋሽ ይመር ቀኝ እግር ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ኑረዲን አከርካሪው ተመትቶ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ፖሊስ መርምሮ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም አለ። ጋሽ ይመር ግን ይህን ቃል ለራሳቸው አንድም ቀን ደግመውት አያውቁም። ከቤት መውጣት ተዉ። የስኳር መድኃኒታቸውን እንኳ ረውዳ ካልለመነች አይወስዱም ነበር።

አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተኝተው ከረሙ። ስለዚያ ቀን ግን አይነጋገሩም።

ኑረዲን ሚናስ የሚባል አብሮ አደግ ጓደኛ ነበረው። ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት አለው። ጓደኛው ዳግመኛ እንደማይቆም ሲያውቅ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አምጥቶ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠለትና የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጫነበት። ጨዋታው ውስጥ ያሉት መንገዶች የፈረንጅ አገር መንገዶች ናቸው። ሆኖም ፕለጊን የሚባል ፎልደር አለው፤ እዚያ ውስጥ ሞድ የሚሉት ፋይል ሲጨመርበት ያልነበረ መንገድ፣ ያልነበረ መኪና፣ ያልነበረ ድምፅ ጨዋታው ውስጥ ይገባል። ሚናስ ይህን ሲያስረዳው ኑረዲን፣

«ሐረጎን መሥራት ይቻላል?» አለው።

«ለምን ሐረጎን? ሌላ መንገድ ጠፋ?»

«አባቴ ያን ቀን አልደረሰም። አንድ ጊዜ ላደርሰው እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ ሚናስ ካሜራውን ይዞ መንገዱን ፎቶ ሊያነሳ ወጣ።

ሁለቱ ሞድ መሥራት እየተሳሳቱ ተማሩ። ኑረዲን በጎኑ ተኝቶ ከደሴ መናኸሪያ ጀምሮ መንገዱን ዘረጋው። ባሕር ዛፉን፣ ጎሚስታ ቤቱን፣ መንገድ የምታቋርጠውን አህያ፣ ከመንገድ ዳር ተቀምጠው በለስ የሚሸጡትን ሴቶች ሁሉ ሠራቸው። ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ከዚህ በታች ያለውን አንተ ጨርስልኝ» አለው ለሚናስ። «እኔ እዚህ ቦታ ላይ እጄ አይሄድልኝም።»

ሚናስ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ወደ ጌም ቤቱ ወሰደ። የሞዱ ስም «ሐረጎ» ነበር፤ ስሙን አልለወጡትም። ከዚያ ወዲህ ሐረጎ ሁለት ሆነ። ሚናስ ዘንድ ያለው ወደ ታች እየረዘመ ሄደ። ኑረዲን ዘንድ የቀረው አልረዘመም፤ ነገር ግን ኑረዲን ድምፁን ቀዳበት። አባቱ በክራንች ወደ ሳሎን ሲወጡ ጠብቆ፣ እንደ ድሮው እንደ ረዳትነቱ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ ኮምቦልቻ!» እያለ ይጣራል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ በል አባ»፣ «አባ፣ ከፊት አህያ አለ»፣ «አይዞህ አባ፣ ይዘኸዋል» ይላል። እያንዳንዱን ቃል በየኩርባው አስቀመጠው።

ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ሳያዋህዷቸው የኑረዲን ኩላሊት ተመረዘ። ጠዋት ሞቶ ከሰዓት ተቀበረ። ጋሽ ይመር በክራንች ቆመው ሰገዱበት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ረውዳ ኮምፒዩተሩን ለሚናስ ልትመልስለት አሰበችና መሥራቱን ለማየት አበራችው። ጨዋታውን ስትከፍተው የወንድሟ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ ኮምቦልቻ!» ረውዳ ልታጠፋው ተንደረደረች። ጋሽ ይመር ግን ከአልጋቸው ቀና ብለው ነበር።

«ተይው» አሏት። «ክራንቼን አቀብይኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ነዱ። ቁልፎቹን በጣታቸው እየተጫኑ ከደሴ ይነሳሉ፤ ኑረዲን ቀስ በል ሲላቸው ቀስ ይላሉ፤ ይዘኸዋል ሲላቸው ፊታቸው ይፈታል። ትልቁ ኩርባ ላይ መንገዱ ይቆረጣል፤ ከፊታቸው ግራጫ ባዶ ነገር ብቻ ይታያል። እዚያ ሞተሩን አጥፍተው ትንሽ ይቀመጡና እንደገና ከደሴ ይጀምራሉ። ጎረቤት፣ ሰውየው ለየላቸው አለ። ረውዳ ግን አባቷ ሲበሉ፣ ጢማቸውን ሲያስተካክሉ፣ መድኃኒታቸውን ሳይለመኑ ሲወስዱ ታይ ነበር። ኮምፒዩተሩን መመለስ የሚባለውን ነገር ተወችው።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች ያደረጉትን ስሙ።

መጀመሪያ ያደረገው ሚናስ ነው። ጓደኛው ከተቀበረ ወዲህ ጌም ቤቱን ዘግቶ ከኩርባው በታች ያለውን መንገድ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ጨረሰው። መኪናዋ የወጣችበት ቦታ ላይ የመንገዱ ጠርዝ እስከ ዛሬ እንደፈረሰ ነው፤ ሚናስ ግን ሙሉ አድርጎ ሠራው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ፍላሹን ይዞ መጣ።

«ጋሽ ይመር፣ መንገዱ አለቀ» አላቸው።

«ከኩርባው በታችም?»

«ከኩርባው በታችም። እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ።»

ጋሽ ይመር፣ «ኑረዲንስ? እዚያም አብሮኝ ይወርዳል?» ብለው ጠየቁ።

«አብሮዎት ይወርዳል» አለ ሚናስ።

በልቡ ያሰበው፣ አንዱ ፋይል መንገዱን ሌላው ድምፁን ይሰጣል ብሎ ነው። ፋይሉን ወደ ፎልደሩ ሲገለብጥ ኮምፒዩተሩ፣ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ልተካው ወይስ ሁለቱም ይቀመጡ ብሎ ጠየቀው። የሚናስ እጅ ማውሱ ላይ ቆመ። ኑረዲን በሠራው ላይ የራሱን መደረብ ጓደኛውን ዳግመኛ መቅበር መሰለው። ሁለቱም ይቀመጡ አለ። ኮምፒዩተሩ በሁለተኛው ስም ጎን «2» የሚል ቁጥር ለጠፈበት። ሚናስ ጨዋታውን ከፍቶ ሊያሳያቸው ሲል መብራት ሄደ። ወልዲያ አጎቱ አርፈውበት መኪና እየጠበቀው ስለነበር፣ «መብራት ሲመጣ ይክፈቱት፤ ይሠራል» ብሎ እየሮጠ ወጣ።

አልሠራም። ጨዋታው ሞዱን የሚለየው ውስጡ በተጻፈው ስም ስለሆነ ሁለት ሐረጎ ሲያገኝ የትኛውን እንደሚጭን አላወቀም። ሊከፈት ይልና ስክሪኑ ጠቁሮ ይዘጋል። ጋሽ ይመር ደጋግመው ሞከሩ። በኋላ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ።

«ከኩርባው በታች ልውረድ ስላልኩ ነው» አሉ። «ልጄ ተቆጣኝ። ያን ሁሉ ሰው እዚያ ጥለህ አንተ እንዴት ትወርዳለህ ነው የሚለኝ።»

አልጋቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምግብ ቀርቦላቸው አልነኩትም።

ቀጥሎ ያደረገችው ረውዳ ናት። የስኳር መድኃኒት የወሰደ ሰው እህል ሲተው ምን እንደሚሆን ሥራዋ ነውና ታውቃለች። በማር የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ ልትሰጣቸው ስትሞክር ጥርሳቸውን ገጠሙባት። ሚናስ ዘንድ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ኸድር ዘንድ ደወለች።

«ምንም አትንኪ» አላት ኸድር። «ፋብሪካው አይለቀኝም፤ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»

«አባ እስከ ቅዳሜ አይቆይም።»

«ብታበላሺው የሚመልሰው የለም፤ እየነገርኩሽ ነው።»

«ቅዳሜ ለአንተ ቅርብ ነው ኸድር። እዚህ ለተኛው ግን ሩቅ ነው» ብላ ዘጋችው።

በዚያን ቀን ከሰዓት አባቷን ላብ አጠመቃቸው፤ ንግግራቸው ተወላገደ። ግሉኮስ ሰክታ መለሰቻቸው። ዐይናቸውን ሲገልጡ መርፌውን ከእጃቸው ላይ ነቀሉትና፣ «ለምን ታቆዪኛለሽ?» አሏት። ረውዳ ተነስታ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ፎልደሩን ስትከፍተው ሁለት ሐረጎ አገኘች። አንዱ ቆየት ያለና ትንሽ ነው። ሌላው አዲስና ትልቅ ነው። ሚናስ መንገዱ አለቀ ሲል ሰምታለች፤ እንግዲህ አሮጌው አዲሱ ውስጥ አለ፣ ትርፍ ነው ብላ ደመደመች። ሚናስ ፋይሉን የወሰደው ኑረዲን ድምፁን ከመቅዳቱ በፊት መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። አሮጌውን አጠፋችው። ጨዋታው እንደገና እንዳያገኘው ፈርታ የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረገችው።

ጨዋታው ተከፈተ። አባቷን ደግፋ አስነሳቻቸው። ጋሽ ይመር ከደሴ ተነሱ፤ ሐረጎን ያዙ፤ ትልቁ ኩርባ ላይ መንገዱ አልተቆረጠም። ወረዱ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ገብተው ሞተሩን አጠፉ።

«ደረስኩ» አሉ። ረውዳ ምግብ አቀረበችላቸው፤ በሉ። ሲበሉ ቆይተው ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ረውዳ፣ ኑረዲን የት ነው የወረደው?»

ያኔ ነው ረውዳ መንገዱን ሙሉ ምንም ድምፅ እንዳልሰማች ያስተዋለችው። ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። አባቷ ግን ከዚያ በኋላም ነዱ። በየቀኑ ዝም ባለው መኪና ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ ይበላሉ፤ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ስለ ኑረዲን ዳግመኛ አልጠየቁም።

ሦስተኛው ኸድር ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ረውዳ ያደረገችውን ራሷ ነገረችው። ኸድር አልጮኸባትም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የኮምፒዩተሩን ገመድ ከሶኬት ነቀለው።

«የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም» አለ። «ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሥር ላይ ይቆያል። በከፈታችሁት ቁጥር ነው የምትገድሉት።»

ብሎን መፍቻ አወጣ። ጋሽ ይመር ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባቸው ክንዱን ያዙት።

«ኸድር፣ ደርሼ ነበር እኮ። ተውልኝ።»

«ብቻህን ነው የደረስከው አባ። እሱን ይዤልህ እመጣለሁ።»

«ይህን ደግሞ አትውሰድብኝ ልጄ። ተው።»

ኸድር የአባቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከክንዱ ላይ አላቀቀ። ዲስኩን ፈትቶ በሸሚዙ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወረደ። የጠፋ ፋይል የሚያወጡ ሰዎች ፈልጎ አገኘ፤ ወረፋ ጠብቅ አሉት። ጠበቀ። ከፋብሪካው ደውለው ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አሉት። «ስጡት» አላቸው።

እሱ እዚያ ሲጠብቅ አባቱ እዚህ መንገድም ድምፅም ሳይኖራቸው ተኙ። መብላቱን አልተዉም፤ መነሳቱን ግን ተዉ። በቀረው እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ። ረውዳ በየቀኑ ብታጥበውም ጠቆረ። ሐኪሞቹ ይቆረጥ አሉ። ጋሽ ይመር እምቢ አሉ፤ «በምን እግሬ ቆሜ ጌታዬ ፊት ልቀርብ ነው?» አሏቸው። ቁስሉ ወደ ላይ ሄደ።

ኸድር ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ ተመለሰ። የወጣው ፋይል ግማሹ የተበላ ነው፤ የኑረዲን መንገድ እንዳልነበረ ሆኗል። ድምፆቹ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ተርፈዋል። የሚናስ መንገድም ዲስኩ ላይ ደህና ነው። ሚናስ ከወልዲያ ከተመለሰ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ስለነበር የጋሽ ይመርን ቤት መርገጥ ፈርቶ ከርሟል። ኸድር ራሱ ሄዶ ጠራው።

ሚናስ መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠና ድምፆቹን መንገዱ ላይ መስፋት ጀመረ። የትኛው ቃል የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚገባ ኑረዲን በሕይወት ሳለ ነግሮት ነበር። ከኩርባው በታች ግን ኑረዲን የቀዳው ድምፅ የለም። ሚናስ ከላይ ያሉትን «ቀስ በል አባ» እና «አይዞህ አባ፣ ይዘኸዋል» የሚሉትን ገልብጦ ወደ ታች አወረዳቸው። ኸድር ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር።

«እዚያ ጋ ያላለውን አታስብለው» አለው።

«ሊለው የነበረውን ነው» አለ ሚናስ።

«ሊለው እንደነበረ ማን ነገረህ?»

ረውዳ የአባቷን የልብ ምት እየቆጠረች ነበር። «አባ እየደከመ ነው» አለች ቀና ሳትል። «የምትጨርሱትን ጨርሱ።»

ሲያልቅ ጋሽ ይመርን በትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። የሰፈሩ ኢማም ሼህ አደም በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው እዚያው ነበሩ። የጋሽ ይመር ጣቶች አልታዘዝ ስላሏቸው ረውዳ የራሷን ጣቶች ከሥር አድርጋ አብራቸው ቁልፎቹን ተጫነች። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ ኮምቦልቻ!» አለ ኑረዲን። መኪናዋ ተነሳች። አህያዋን አለፉ፤ ጎሚስታ ቤቱን አለፉ። ትልቁ ኩርባ ላይ ጋሽ ይመር ዐይናቸውን ጨፈኑ። «አይዞህ አባ፣ ይዘኸዋል» የሚል ድምፅ መጣ። ወረዱ። ድምፁ እስከ ታች አብሯቸው ወረደ። መናኸሪያው ውስጥ ሲቆሙ ጋሽ ይመር ዐይናቸውን ገለጡና በድሮ በሹፌርነት ድምፃቸው፣

«በል ኑረዲን፣ ሰው ይውረድ» አሉ።

ኸድር ፊቱን አዙሮ ወደ ግድግዳው ቆመ።

ጥቂት ካረፉ በኋላ ጋሽ ይመር ሼህ አደምን ጠሩ። «ምስክር ሁኑኝ» አሏቸው። «ይህ ነገር ከእንግዲህ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት በመሆኑ ነው ያጣነው። ሌላ ካለ አሁኑኑ ፊቴ ያጥፉት።»

ሚናስ በፍላሹ የያዘውን እዚያው ሰረዘው፤ ጌም ቤት የነበረውንም ሄዶ ሰርዞ ተመለሰ። ኸድር አዲስ አበባ ያወጡለት ቅጂ ያለበትን ሲዲ ሰብሮ ጣለው። የቀረው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ሆነ።

«ለማን ይሁን ታዲያ?» አሉ ሼህ አደም።

«ኑረዲንን ለመለሰልኝ ሰው።»

«ማን ነው እሱ?»

«ራሱ ያውቀዋል» አሉ ጋሽ ይመር። ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ ጠዋት ሞቱ።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ ሦስቱም ሼህ አደም ቤት ተሰበሰቡ። ሦስቱም፣ የተባለው ሰው እኔ ነኝ ብለው ነው የመጡት።

«ድምፁ ጠፍቶ ነበር» አለ ኸድር። «ጠፍቶ የነበረን ነገር መለሰ የሚባለው ፈልጎ ያመጣው ነው። እንጀራዬን ጥዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አባ ክንድህን ይዞ ለመነህ» አለችው ረውዳ። «ጣቶቹን አላቅቀህ ሄድክ። ከአልጋ ያልተነሳው፣ ቁስሉ የወጣው፣ አንተ መንገዱን ከወሰድክበት ወዲህ ነው።»

«እኔ ባልወስደው ኑረዲንን ሳይሰማ ነበር የሚሞተው።»

«ምናልባት አይሞትም ነበር።»

ሚናስ በተራው፣ «ኑረዲን ጨርስልኝ ያለው እኔን ነው» አለ። «ድምፁ ብቻውን የት ያደርሳቸዋል? እስከ ገደሉ አፋፍ ነው። አባትና ልጁን አንድ መኪና ውስጥ አስገብቼ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።»

«ሁለት ያደረግከውም አንተ ነህ» አለ ኸድር። «ሳትሞክረው ጥለህ ሮጥክ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው። ደግሞ ከኩርባው በታች አባቴ የሰማው የአንተን ሥራ ነው እንጂ ወንድሜን አይደለም።»

«ሰው ይውረድ ያሉት ለእኔ ነው እንዴ?» አለ ሚናስ።

ረውዳ መጨረሻ ተናገረች። «ማጥፋቴን አልክድም፤ እስክሞት አልረሳውም። ግን ያን ቀን ጨዋታውን ባልከፍትለት ኖሮ ለማን ነበር የምትመልሱት? ለመቃብር? አባን እስክትመጣ ያቆየሁልህ እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ጊዜ የነዱትም የእኔ ጣቶች ናቸው።»

«ከፎልደሩ ብታወጪው በቂ ነበር እኮ ረውዳ» አለ ሚናስ ቀስ ብሎ። «ሌላ ቦታ ብታስቀምጪው ጨዋታው ይከፈት ነበር። ማጥፋት አያስፈልግም ነበር።»

«ማን ነገረኝ?» አለችው። «ስልክህ ዝግ ነው።»

ኸድር ደግሞ ሌላ ነገር አነሳ። «አባ ‹ለመለሰልኝ› ነው ያለው። ‹ለመለሰችልኝ› አላለም።»

«‹ሰው› ነው ያለው» አሉ ሼህ አደም። «ሰው ወንድም ሴትም ነው። በዚህ አትገላገሉም።»

ከጎረቤት አንዱ፣ ይህን ሁሉ ከመነታረክ ለምን ሦስት ቦታ አይገለበጥም ብሎ ነበር። ሼህ አደም አልተቀበሉትም። ሟቹ አንድ ይሁን ብሎ እሳቸውን ምስክር አድርጓል፤ ኸድርና ሚናስም ፊቱ ቅጂዎቻቸውን አጥፍተውለታል። የአደራ ቃል ከዚህ በላይ ምን አለው?

ኮምፒዩተሩ ዛሬም ሼህ አደም ቤት በአንሶላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሚናስ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ዲስኩ አሮጌ ነው፣ ሳይበራ ብዙ ከቆየ በራሱ ጊዜ ይሞታል ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ኸድር ሥራ ፍለጋ ሐረጎን ይወጣል፣ ይወርዳል። ረውዳና ሚናስ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም። ሼህ አደም አርጅተዋል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ለማን ይገባል ብሎ ሲጠይቃቸው እሳቸውም መልሰው እንግዳውን ይጠይቁታል።

እኔም የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። መንገዱን ሠርቶ፣ ሁለቱን ፋይሎች አላትሞ፣ በኋላ አባትና ልጅን አብሮ ያደረሰው ሚናስ አለ። ድምፁን አጥፍታ አባቷን ያቆየችው ረውዳ አለች። አባቱን መንገድ ነስቶ ድምፁን ያመጣው ኸድር አለ። ዲስኩ ሳይሞት አንዳቸው መውሰድ አለባቸው። እናንተ ብትሆኑ ኑረዲንን ለማን ትሰጡታላችሁ?